በፎቶው ውስጥ ያላደገው ወፍ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት እትየ ዘሀራ ቤታቸው ሲያስጠሩኝ የአንድ ወፍ ስም ነግሬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ደብተሬንና አጉሊ መነጽሬን ይዤ፣ ደስ እያለኝ ነው የሄድሁት። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስሜ ይመር ነው፤ የመርሳ ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። በገበያው ዳር፣ ሁለት ሰው በማትይዝ ክፍል ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ብዙ አላወራም፤ የሚያወራኝም ብዙ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ወልድያ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የወፎች መጽሐፍ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በመዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል እየፈታሁ ሁለት ክረምት ፈጀሁበት። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት ሰዓት ወንዝ ዳር ወርጄ ያየሁትን ወፍ በደብተር መጻፍ ልማዴ ሆነ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የላባውን ቀለም፣ የምንቃሩን ቅርጽ።

ከሁሉ የሚስበኝ የወፍ ልጅ ነው። ያደገውንማ ማንም ይለየዋል። ልጁ ግን እናቱን አይመስልም። በተለይ የባሕር ወፎች ልጆች ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ዝንጉርጉር ናቸው፤ መጽሐፉ ውስጥ አምስት ገጽ ሙሉ ተደርድረው ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። እነዚያን ገጾች ሰው ይዘልላቸዋል። እኔ በቃሌ ያዝኋቸው። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከውርጌሳ አልፌ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ውሃው ላይ ጥቂቶች አይቻለሁ፤ ሌላውን ያወቅሁት በሥዕል ነው። ነገሩ በሁለት ምልክት ይፈታል፦ ምንቃሩ ዘሩን ይናገራል፣ ላባው ዕድሜውን።

ይህን ሁሉ ሲሰማ የማይሰለቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእትየ ዘሀራ ታናሽ ወንድ ልጅ ሰይድ። አይሰለችም ማለት አይቀልድም ማለት አይደለም።

«አንተ እኮ ሠርግ ቤት ሙሽራዋን ትተህ ጣራ ላይ ያለውን ቁራ የምታይ ሰው ነህ!» ይለኛል።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ነሐሴ ብዙዎቹ የወረዳችን የሀብሩ ልጆች በሄዱበት መንገድ ሊሄድ ተነሣ፦ በሎጊያ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። መኪና ጥበቃ ቆመን ሳለ፣

«ባሕሩ ዳር ስደርስ ወፍ የተባለውን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ» አለኝ። «ስማቸውን ካላወቅህ ግን ያንን መጽሐፍህን ለእማዬ ፍየል ትሰጣታለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እናያለን!» አለና ሮጦ ተሳፈረ።

ፎቶ አልላከልኝም። ወልድያ ጨርቅ የሚሸጠው ታላቅ ወንድሙ መሐመድ፣ ሰይድ በሰላም እንደተሻገረ፣ ስልክ በማይፈቀድበት እርሻ እንደሚሠራ፣ አልፎ አልፎ በሰው ስልክ ፎቶ እንደሚልክ ለሁሉም ነገረ። እኔ የተረሳሁ መሰለኝ። ቅር አለኝ፤ ግን ለማንም አልተናገርሁም።

እንግዲህ እትየ ዘሀራ ያስጠሩኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ኢድ ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። ስደርስ በራፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ደህና አደሩ እትየ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ ይመርዬ። በሩን ገርበብ አድርገው።»

ገባሁ። ከፍራሻቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ፎቶዎች አወጡ። መሐመድ ወልድያ አሳጥቦ ያመጣላቸው ናቸው። በመከዳው ላይ ጎን ለጎን ደረደሯቸው።

«ይኼኛውን ኅዳር ላይ ነው ያመጣልኝ» አሉ በጣታቸው እየነኩ። «ይኼን በጥር። ይኼን በመጋቢት፣ ጾሙ ሊገባደድ ሲል። ድምፁን ግን ከመስከረም ወዲህ አልሰማሁትም። አንተ የወፍ ዕድሜ ታውቃለህ ይሉሃል። እውነት ነው?»

«የአንዳንዱን አውቃለሁ።»

«በል እስቲ እይልኝ።»

አሁን ሳስበው ከዚህ በላይ ግልጽ ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ፎቶው ላይ ወድቆ ጆሮዬ ተደፈነ። ሰይድ የአንድ ጀልባ ጠርዝ ተደግፎ ይስቃል። ከኋላው አራት የባሕር ወፎች ተደርድረዋል። ሦስቱ ትልልቆች ናቸው። አራተኛው ቡናማ ነው።

ልጅ! ከሥዕል ውጭ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። መነጽሬን አወጣሁ።

በመጽሐፉ መሠረት በዚያ ባሕር ዳር ሊታዩ የሚችሉ ቡናማ ልጆች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከሩቅ ሰሜን በበጋ የሚመጣ ነው፤ እሱ ከሆነ ፎቶው በጥርም በመጋቢትም ሊነሣ ይችላል። ሁለቱ እዚያው ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉ ናቸው። የሰሜኑ ወፍ ምንቃር ወፍራምና አጭር ነው። የዚህ ግን ረዥም፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ዝቅ የሚል ነበር። ስለዚህ የሰሜኑ አይደለም። ከሁለቱ የአገሩ ወፎች አንደኛው ልጅ ሳለ የምንቃሩ ሥር ግራጫ፣ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። የዚህ ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁር ነው። እንግዲያው እኔ በራሴ ትርጉም «ዓይነ ነጭ» ብዬ በደብተሬ የመዘገብሁት ነው፤ ሲያድግ ከዓይኑ በላይና በታች ነጭ ይወጣለታል።

ከዚያ ወደ ላባው ሄድሁ። ጀርባው ላይ እያንዳንዱ ላባ ዙሪያውን ፈካ ባለ ጠርዝ ተከፍፏል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት። አንዱም ጠርዝ አልተበላም። ላባ እንደ ልብስ ነው፤ ፀሐይና አሸዋ ይጨርሰዋል። እንዲህ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ወፉ ከጎጆው በወጣ ሰሞን ነው።

«ይኼ ገና ልጅ ነው እትየ!» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ከጎጆው ከወጣ ሁለት ወር አይሞላውም!»

«እነዚህ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?»

«በክረምት ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴ።»

«እና ይኼ መቼ የተነሣ ነው?»

«መስከረም። ቢዘገይ የጥቅምት መጀመሪያ። ከዚያ አያልፍም።»

«ከዚያ አያልፍም» ብለው ደገሙት። ሁለተኛውን ፎቶ ገፋ አደረጉልኝ። «ይኼስ?»

ሰይድ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ወፉ ከትከሻው ኋላ በጎን ይታያል። ያው የዓሣ ቅርፊት። ግራ ክንፉ ላይ አንዲት ላባ ወደ ላይ ተገልብጣለች። የመጀመሪያውን ፎቶ መልሼ አየሁት። እዚያም አለች።

«ያው ወፍ ነው!» አልሁ፤ ደስታዬ ገና አልበረደም። «አዩዋት ይችን የተገለበጠች ላባ?»

«አየኋት። ይኼስ?»

ሦስተኛው የመጋቢቱ ነው። ጎንበስ ስል ላባዋን ወዲያው አገኘኋት። አጉሊ መነጽሬን አስቀመጥሁ።

ሰው በስድስት ወር ብዙም አይለወጥም። ያ ወፍ ግን በመጋቢት እንዲያ ሊሆን አይችልም። ጠርዞቹ ተበልተው ማለቅ፣ ራሱና ደረቱ ሌላ ላባ ማብቀል፣ ክንፉ መንጣት ነበረበት። ሦስቱም ፎቶዎች የአንድ ሰሞን፣ ምናልባትም የአንድ ቀን ናቸው።

«ወፉ አላደገም» አሉ እትየ ዘሀራ። የጠየቁኝ አይደለም።

«እትየ፣ ልሳሳት እችላለሁ። በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ወፍ ነው።»

«ተሳስተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በዚህስ?»

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ «ምናልባት» ብል በቂ ነበር። አላልሁም።

ፎቶዎቹን ቀስ ብለው ወደ ላስቲካቸው መለሱ።

«ሸሚዙ በሦስቱም አንድ ነው» አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። «መሐመድን ብጠይቀው ‹እርሻ ላይ ልብስ አይቀየርም› አለኝ። ጸጉሩ አንድ ነው ስለው ‹ተላጭቶ አድጎ ነው› አለኝ። ለሁሉም መልስ አለው። ለወፉ ግን መልስ አይኖረውም ብዬ ነው አንተን ያስጠራሁህ።» ላስቲኩን ከፍራሻቸው ሥር መልሰው፣ «ሂድ በቃ፤ ሱቅህን ከፍተህ ነው የመጣኸው» አሉኝ።

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ሱቄን ዘግቼ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስሪንቃን እስክናልፍ ያንኑ ገጽ አነበብሁ። እውቀቴ ሐሰት ሆኖ እንዲገኝ የለመንሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ የሳትሁት ቃል፣ አንድ በተሳሳተ ትርጉም የያዝሁት ወር ፈለግሁ። አልነበረም።

ከመናኸሪያው በባጃጅ መሐመድ ሱቅ ደረስሁ። ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

«ኧረ ይመር! መርሳ ላይ ወፍ አለቀ እንዴ?»

«መሐመድ፣ ሰይድ መቼ ነው የሞተው?»

ጨርቁ ከእጁ ተፈታ። ወጥቶ ግራና ቀኝ አየና መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደው።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ፎቶው ላይ ያለው ወፍ የመስከረም ነው።»

«ለእናቴ ምን አልሃት?»

ነገርሁት። የሸሚዜን አንገት ጨምድዶ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል።

«መርዶ በወፍ ላባ ይነገራል?» አለ። «አንተ ሰው አልፈጠረብህም? ስድስት ወር ሙሉ እንደ እንቁላል ይዣት፣ አንተ በአንድ ጠዋት…»

ከዚያ እየቆራረጠ ነገረኝ። ጀልባው የተገለበጠው በመስከረም መጨረሻ ነው። አብሮት የነበረ አንድ የውርጌሳ ልጅ ተርፎ ደወለለት፤ ሰይድ ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል። መሐመድ የመርሳውን ሼህ አሊንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች አማከረ። መጀመሪያ የእትየ ዘሀራ ደም ግፊት ተነሥቶ ነበርና «እስኪሻላቸው» ተባለ። ሲሻላቸው «ረመዳን ይለፍ፣ ጾማቸውን አናበላሽ» ተባለ። ረመዳን ሲያልፍ የእህቱ የዘይነባ ሠርግ ግንቦት ላይ ተቆርጦ ነበርና «ሠርጉ ይለፍ» ተባለ። እነዚያ ፎቶዎች ሰይድ ከመሳፈሩ በፊት በአንድ ቀን የላካቸው ናቸው፤ መሐመድ እናቱ ሲጨንቃቸው አንድ አንድ እያለ አወጣቸው።

«ክፋት አልነበረም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። አሥራ አንድ ፎቶ ነበር። በሁሉም ውስጥ ወፍ አለ። በአንዳንዶቹ ሰይድ ራሱ በግማሽ ተቆርጦ ወፉ መሐል ላይ ነው። ከሥራቸው ይህ ተጽፏል፦ «እነዚህን ለይመር አሳየው። ስማቸውን ይንገረኝ። ካላወቀ መጽሐፉ ለፍየሏ ነው።»

የተላከበት ቀን መስከረም ውስጥ ነበር።

«ላሳይህ አስቤ ነበር» አለ መሐመድ። «ግን መልሱን ትጽፍለታለህ። ዝም ሲልህ እኔን ትጠይቀኛለህ። አንተ ደግሞ አንዴ መጠየቅ ከጀመርህ አትተውም።»

ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ መርሳ ተመለስን። ሼህ አሊ ሁሉንም ሰምተው መቁጠሪያቸውን ዳሰሱ። እኔን አልተቆጡኝም። «ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ እንሄዳለን» አሉ። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ። «አንተም ትመጣለህ። የጀመርኸውን ትተህ አትቀርም።»

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ብቻውን የሚሸከመው ሰው የለም። ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል፤ የሚይዝ፣ የሚደግፍ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ይዞ ይኬዳል። ያን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር፦ እውነት ብቻውን ሰው ቤት አይገባም። እኔ ለአንዲት እናት ከወፍ ጀርባ ላይ አንብቤ፣ እየጮህሁ፣ እየተደሰትሁ ነግሬ ወጣሁ። ሌሊቱን ያለ አጽናኝ እንዳደሩ እያሰብሁ መንገዱ ላይ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ።

ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ደረስን። የተዘጋ በር አንኳኩተን እንደምናስከፍት ነበር ያሰብነው። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ተጠርጓል። ሰሌን ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። ዘይነባ ዓይኗ አብጦ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እትየ ዘሀራ ጥቁር ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ» አሉ። «ቆያችሁ።»

ማንም መቀመጥ አልቻለም። ሼህ አሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘሀራ፣ አላህ የሰጠውን አደራ…»

«ሼህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ስድስት ወር ሙሉ በሰገድሁ ቁጥር ‹ያረብ በሰላም መልሰው› ስል ነበር። ልጄ ግን የቸገረው ‹ያረብ ማረው› የሚለው ነው። ያንን ዱዓ ማን አደረገለት?»

«እኛ አድርገንለታል፣ ወላሂ። ከሰማንበት ቀን ጀምሮ።»

«እናቱ አላደረገችም» አሉ። «እናቱ የሌለ ሰው ስትጠብቅ ነበር። ያን ስድስት ወር ማን ይመልስልኛል?»

መሐመድ የእናቱ እግር ሥር ተደፋ። ያኔ ነው እትየ ዘሀራ የጮኹት። ጎረቤት እስኪሰበሰብ የዚያ ቤት ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እጄን የማደርግበት ቦታ አጣሁ።

ይህን የምታነብቡ ሰዎች ትፈርዱብኝ ይሆናል፤ ሰፈሩም ሁለት ሆኖ ፈርዶብኛል። ግማሹ «የሰው ተስፋ በወፍ የቆረጠ» ይለኛል። ግማሹ «ይመር ባይኖር እስከ መቼ ይታለሉ ነበር?» ይላል። ሽማግሌዎቹ እውነቱን አዘገዩት፣ እኔ አጣደፍሁት፤ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደጎዳ ዛሬም አላውቅም። ስለ ወፉ አልተሳሳትሁም። ምንቃሩም ላባውም ወሩም ልክ ነበር። የሳትሁት ከፊቴ የተቀመጠችውን እናት ነው። ከወፉ ይልቅ የእሳቸው እጅ ይናገር ነበር፤ ሦስተኛውን ፎቶ ሲገፉልኝ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያስታወስሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ወንዝ ዳር መውረድ አልተውሁም። አሁን ግን ሰው አንድ ነገር እንድመለከትለት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የጠየቀኝን ሰው ፊት አያለሁ። ይህን ለመማር የከፈልሁት እኔ ብሆን ኖሮ ባልከፋኝ።

ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሐዘንተኛው ከቀነሰ በኋላ እትየ ዘሀራ ዳግመኛ አስጠሩኝ። እንደሚያባርሩኝ ጠብቄ ሄድሁ። ሦስቱ ፎቶዎች በዚያው መከዳ ላይ ነበሩ።

«መሐመድ መልእክቱን አነበበልኝ» አሉ። «ስሙን ጠይቆህ ነበር አሉ።»

«አዎ እትየ።»

«ምን ይባላል?»

«ዓይነ ነጭ።»

«ነጩ የታለ?»

«ገና ልጅ ስለሆነ ነው። ሲያድግ ይወጣለታል።»

የመጀመሪያውን ፎቶ አንሥተው ገለበጡት። «ጻፍልኝ። ስሙን ነግረኸው ይሁን።»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ በደብተሬ እንደምጽፈው ጻፍሁ፦ ዓይነ ነጭ። ልጅ። መስከረም።

እትየ ዘሀራ ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ከሥሩ ባዶውን ቦታ አሳዩኝ።

«የሱንም» አሉ።

ከሥሩ ጻፍሁ፦ ሰይድ። ሃያ ሁለት ዓመት። መስከረም።